ጤፉ ጤፍ ነው፤ ወፍጮው ግን የሁሉ ነው

ሰው ስለሚለብሰው ልብስና ስለሚሠራው ቤት በየጊዜው አዲስ ፋሽን እንደሚያወጣ ሁሉ፣ ስለሚበላውም ምግብ አዲስ ወሬ ማውጣቱ የተለመደ ነው። ትናንት ቅቤ ተኰነነ፤ ቀጥሎ ስኳር ተወገዘ፤ ዛሬ ደግሞ ተራው የስንዴ ሆኗል። «ስንዴ መርዝ ነው፤ ዳቦ የበላ በሽታ በላ» የሚለው ቃል በአዲስ አበባ ቡና ቤቶች ሳይወሰን በደሴና በኮምቦልቻም በወጣቶች ዘንድ መሰማት ከጀመረ ሰንበትበት ብሏል። በሌላው ወገን ደግሞ «ይህ የጠገቡ ሰዎች ቅምጥልነት ነው፤ እኛ ዳቦውን መቼ አግኝተን ነው የምናማርጠው?» የሚል አለ። ሁለቱም ወገኖች ጥቂት ጥቂት እውነት ይዘዋል፤ ሁለቱም ግን ዋናውን ነገር ስተውታል ብዬ አምናለሁ። ዋናው ነገር ያለው በስንዴው ላይ ሳይሆን በወፍጮው ላይ ነውና።

ደሴን የሚያውቅ ሁሉ ሰኞ ገበያን ያውቃል። ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ የሁለቱ ከተሞች ከፍታ ግን በ600 ሜትር ያህል ይለያያል። ስለዚህ በዚህች አጭር መንገድ ውስጥ ቆላ ቀመሱም፣ ወይና ደጋውም፣ ደጋውም ይገናኛሉ። ከቃሉና ከባቲ በኩል ማሽላ ይወጣል፤ ከደጋው ወረዳዎች ስንዴና ገብስ፣ ባቄላና ምስር ይወርዳል፤ ከወይና ደጋው ነጩም ሰርገኛውም ቀዩም ጤፍ ይመጣል። ምድሪቱ እህሉን በየዓይነቱ ለይታ አብቅላ ታቀርባለች፤ የሚቀላቅለው ሰው ነው።

አስቀድሜ ስለ ስንዴ ጥብቅና ልቁም። ስንዴ በአገራችን እንግዳ አይደለም። ኒኮላይ ቫቪሎቭ የተባለው የሩሲያ የዕፀዋት ሊቅ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1927 ዓ.ም. ኢትዮጵያን በጐበኘ ጊዜ የስንዴውን ዝርያ ብዛት አይቶ ተደንቋል። በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ከላይም ከታችም እሳት ተደርጎለት የሚበስለው ድፎ ዳቦ ለእንቁጣጣሽም ሆነ ለዒድ፣ ለክርስትናም ሆነ ለሠርግ የቤቱን ክብር የሚገልጽ ምግብ ነው። የቡሄ ልጆች ሙልሙላቸውን፣ መንገደኛ ዳቦ ቆሎውን፣ አራስ ቂንጬዋን የሚያገኙት ከዚሁ እህል ነው። ይህን ሁሉ ትውልድ የመገበ እህል በአንድ ቀን «መርዝ» ብሎ መጥራት ከዕውቀት የመጣ ንግግር አይደለም።

ለወሎ ሰውማ ስንዴ ከዚህም የበለጠ ነገር አለው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ ኋላም በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ረሀብ ጊዜ በኮረምና በባቲ መጠለያዎች ለተሰበሰበው ሕዝብ የደረሰው እህል በአብዛኛው የባዕድ አገር ስንዴ ነበር። የማሽላ እንጀራ ብቻ የሚያውቀው የቆላ ገበሬ የስንዴ ንፍሮና ቂጣ የለመደው በዚያ ክፉ ቀን ነው። የዚያ ዘመን ሰዎች ስለ ስንዴ ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ የሚለው ስለዚህ ነው። ከሞት ያተረፈ እህል አይሰደብም።

እንግዲህ ስንዴ እንዲህ ያለ ባለውለታ ከሆነ ክሱ ከየት መጣ? ነገሩን ለመረዳት ዳቦ ለምን እንደሚነሣ ማወቅ ያሻል። በስንዴ ዱቄት ውስጥ ግሉተን የሚባል የፕሮቲን ዓይነት አለ። ዱቄቱ በውሃ ሲለወስ ይህ ፕሮቲን እንደ ሙጫ ይያያዝና ሊጡን የሚለጠጥ ያደርገዋል። እርሾው እየፈላ አየር ሲያወጣ ያ የሚለጠጠው ሊጥ አየሩን አፍኖ ይይዘዋል፤ ስለዚህም ሊጡ ኩፍ ይላል፤ ሲጋገርም ዳቦው ለስላሳ ይሆናል። የማሽላ ወይም የበቆሎ ሊጥ ይህ ሙጫ ስለሌለው አየሩን ይለቅቀዋል፤ ዳቦ ልሥራህ ቢሉትም ይፈረካከሳል። የዳቦ ጋጋሪ ሁሉ ወዳጅ የሆነው ይኸው ግሉተን ነው እንግዲህ ለጥቂት ሰዎች ጠላት ሆኖ የተገኘው።

ጥቂት ማለቴን አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። ሲሊያክ የሚባል በሽታ አለ። ይህ በሽታ ያለበት ሰው ግሉተን በበላ ቁጥር የገዛ ሰውነቱ መከላከያ ተነሥቶ ምግብ የሚመጠውን የቀጭን አንጀቱን ገጽ ይጐዳዋል። የሚበላው ምግብ በአንጀቱ እያለፈ ይሄዳል እንጂ በሚገባ ወደ ደሙ አይገባም። በዘር የሚመጣ ዝንባሌ ሲሆን፣ በብዙ አገር በተደረገው ምርመራ ከመቶ ሰው አንድ ያህል ይገኝበታል፤ ብዛቱም ከአገር አገር ይለያያል። የቀሩት ዘጠና ዘጠኙ አብዛኛዎቹ ስንዴን ያለ አንዳች ችግር መብላት ይችላሉ።

የበሽታው ምክንያት የታወቀበት ታሪክ ራሱ የረሀብ ታሪክ መሆኑ ያስገርማል። ቪለም ካሬል ዲከ የተባለ የሆላንድ የሕፃናት ሐኪም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጀምሮ ስንዴን ይጠረጥር ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1944 እስከ 1945 ዓ.ም. ባለው ክረምት ሆላንድ በጠላት ተከብባ ዳቦ ጠፋ፤ ሰው ድንችና የቱሊፕ አበባ ሥር ሳይቀር እስከ መብላት ደረሰ። ሌላው ሕፃን በረሀብ ሲጐሳቈል በዚህ በሽታ ይማቅቁ የነበሩት ሕፃናት ግን ተሻላቸው። ሰላም ሆኖ ዳቦ ሲመለስ በሽታቸውም አብሮ ተመለሰ። ሐኪሙም ይህን አጥንቶ በ1950 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) ለዶክትሬት ማዕረግ ባቀረበው ጽሑፍ ጥፋቱ የስንዴ መሆኑን ለዓለም አስታወቀ።

በእኛ ዘንድ ይህ በሽታ በቀላሉ አይታወቅም። ምልክቱ የተሰወረ ሆኖ ሳይሆን ከሌላው በሽታ ጋር ስለሚመሳሰል ነው። ሆዱ የተነፋ፣ ተቅማጥ የማይለቀው፣ ዕድሜው ሲጨምር ቁመቱ የማይጨምር፣ ደሙ ያነሰ ሕፃን ስናይ አስቀድመን የምናስበው ወስፋትን ነው፤ ወይም ውሃውን፤ ወይም የእናቲቱን እጅ ማጠር። ብዙውን ጊዜም ግምታችን ልክ ይሆናል። ነገር ግን መድኃኒቱ ተሰጥቶት፣ ውሃው ተፈልቶለት፣ ምግቡ ተሻሽሎለት ያልዳነ ልጅ ካለ ሐኪሙ ስለ ሲሊያክም እንዲያስብ ይገባል። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም እንደሚባል፣ በሽታውን ያላወቀም መድኃኒቱ በጓዳው ተቀምጦለት ሳያገኘው ይኖራል። ለዚህ በሽታ መድኃኒቱ ክኒን ሳይሆን ስንዴን፣ ገብስንና የእነርሱን ወገን ፈጽሞ መተው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ወሬ ሰምተው ስንዴን በራሳቸው ፈቃድ ለሚተዉ ወጣቶች አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በሽታው መኖሩ የሚታወቀው በደም ምርመራና ከአንጀት በሚወሰድ ናሙና ነው፤ ምርመራው እውነቱን የሚናገረው ደግሞ ሰውዬው ስንዴ እየበላ ሳለ ሲደረግ ነው። አስቀድሞ ስንዴ የተወ ሰው ቢመረመር በሽታው እያለበት «የለብህም» ሊባል ይችላል። ስለዚህ የተጠራጠረ ሰው መጀመሪያ ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ከዚያ በኋላ እንደ ትእዛዙ ይተው። ከጐረቤት በተሰማ ወሬ ቤተ ሰብን ሁሉ ዳቦ መከልከል ግን ገንዘብን ማባከን ነው።

«ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚል ሰው ቢኖር ወደ ምዕራብ ሰሐራ ሕዝብ እንዲመለከት እጋብዘዋለሁ። ይህ በአልጄሪያ በረሃ በስደት የሚኖር የአፍሪካ ሕዝብ የጥንት ምግቡ የግመል ወተትና ተምር ነበር፤ በስደቱ ዘመን ግን አብዛኛው ቀለቡ የእርዳታ ስንዴ ሆነ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. ታትሞ በወጣ ጥናት ከተመረመሩት ልጆቹ ከመቶው 5.6 ያህሉ ሲሊያክ ተገኝቶባቸዋል፤ ይህም በዚያን ጊዜ በዓለም ከተመዘገበው ሁሉ የበለጠ ነበር። የወሎ ልጆች እንደዚያ ናቸው ማለቴ አይደለም። በሽታው ፈረንጅና አፍሪካዊ ብሎ የማይመርጥ መሆኑን፣ በእርዳታ እህል የኖረ ሕዝብም ነገሩን ሊመረምረው እንደሚገባ ለማሳየት ነው እንጂ።

አሁን ወደ ሰኞ ገበያ ልመለስ። ከሠለጠነው ዓለም ብዙዎች «ግሉተን የሌለበት» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበትን ዱቄት ከተራው ዱቄት እጅግ በበለጠ ዋጋ ይገዛሉ። ያ ዱቄት ምንድን ነው ቢባል ሩዝ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ሽምብራ፣ ጤፍ ነው። ከሩዙ በቀር አብዛኛው በሰኞ ገበያ በጆንያ አፉን ከፍቶ የሚታይ ነው። በሆላንድ አገር የላይደን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2005 ዓ.ም. ጤፍን መርምረው ለሲሊያክ በሽተኛ የሚጐዳው ነገር እንደማይገኝበት በታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ አስታውቀዋል። የዚያው አገር አንድ ኩባንያ ደግሞ የጤፍን ዱቄት አዘገጃጀት «የእኔ ፈጠራ ነው» ብሎ በ2007 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) የአውሮፓን ፓተንት እስከ ማግኘት ደርሶ ነበር። ይህ የፈጠራ መብት በሆላንድ አገር የተሻረው ጉዳዩ ለላሄ ፍርድ ቤት ቀርቦ በ2018 ዓ.ም. ማብቂያ ገደማ ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚለው የአባቶች ተረት ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል?

የማሽላው ታሪክ ከዚህም ይብስ ልብ ይነካል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1973 ዓ.ም. በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበውን የማሽላ ዘር ሲመረምሩ፣ ላይሲን የተባለውን ለሰውነት እጅግ አስፈላጊ የሆነ የፕሮቲን ክፍል በብዛት የያዙ ሁለት ዘሮች አገኙ። ሁለቱም ከወሎ የሄዱ ነበሩ። የወሎ ገበሬ እንዲህ ያለውን ማሽላ «ወተት በጉንጬ»፣ «ማር ጩቄ» እያለ ሲጠራው፣ እሸቱንም ጠብሶ ሲበላው የኖረ ነው፤ ደግነቱን ያወቀው በላቦራቶሪ ሳይሆን በምላሱ ነበር። ያ ዓመት ወሎ በረሀብ ያለቀበት ዓመት መሆኑን አንባቢ ያስታውስ። ከዚያው ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን የፈጸመው ኢትዮጵያዊው የማሽላ ሊቅ ዶክተር ገቢሳ ኤጄታ ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣቱ በ2009 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብሏል። ዓለም እንዲህ የሸለመውን እህል እኛ ግን «የድኻ እንጀራ» እያልን እንግዳ ሲመጣ ከሌማቱ እንሸሽገዋለን። ማሽላ እያረረ ይስቃል ማለት ይህ ነው!

ሌላም ልንኰራበት የሚገባ ዕውቀት በቤታችን አለ። ግሉተን የሌለው ሊጥ አየር እንዲይዝ ለማድረግ የውጭ አገር ፋብሪካዎች ልዩ ልዩ ሙጫ ይጨምሩበታል። የእኛ እናቶች ግን ከቦካው ሊጥ ጥቂት ቀንሰው፣ በፈላ ውሃ አብስለው፣ መልሰው ይቀላቅሉታል፤ ይኸውም አብሲት ነው። የበሰለው ሊጥ ወፍሮ አየሩን ስለሚይዝ እንጀራው ዓይን ያወጣል። ግሉተን የሚባል ቃል ሳይሰማ ግሉተን የሌለበትን እንጀራ ማን እንዳስተማረን አናውቅም፤ ያለ ጥርጥር ግን በምጣድ አጠገብ የቆመች ሴት ናት።

እንዲህ ከሆነ ሲሊያክ ያለበት የደሴ ልጅ ከሆላንዱ ልጅ ይልቅ ዕድለኛ መሆን ነበረበት፤ መድኃኒቱ ከደጃፉ ነውና። ነገር ግን አይደለም። ምክንያቱን በሰኞ ገበያ ከአንዲት ጤፍ ነጋዴ አፍ በሚገባ ሰምቼዋለሁ።

«እማማ፣ ይህ ዱቄት ጤፍ ብቻውን ነው?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ ጥቂት ታዝበውኝ፣

«ልጄ፣ ጤፉማ ጤፍ ነው፤ ወፍጮው ግን የሁሉ ነው» አሉኝ።

ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ገና ብዙ ጊዜዬ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ነገሩን እንደዚህ በአጭሩ የገለጠልኝ መምህር አላስታውስም። በወፍጮ ቤት ሰው እህሉን ይዞ ተራ ይጠብቃል። አንዱ ስንዴ ያስፈጫል፤ ቀጥሎ ያለው ገብስ፤ ከእርሱ ቀጥሎ የመጣችው ጤፍ። በድንጋዩ መካከል፣ በሽፋኑ ውስጥና በአፉ ላይ በታሰረው ጨርቅ የቀረው የስንዴ ዱቄት ከጤፉ ጋር ይወርዳል። ለጤናማ ሰው ይህ ከቁም ነገር አይቈጠርም። ለሲሊያክ በሽተኛ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደንብ «ግሉተን የሌለበት» ለሚባል ምግብ የፈቀደው ወሰን በአንድ ኪሎ 20 ሚሊ ግራም ግሉተን ነው። ተራ የስንዴ ዱቄት በኪሎው 80 ግራም ያህል ግሉተን አለው ብንል፣ በአንድ ኪሎ ጤፍ ውስጥ ሩብ ግራም የስንዴ ዱቄት ከገባ ወሰኑ ሞላ ማለት ነው። በኩንታል ሲሰላ 25 ግራም ይሆናል፤ ይህም ከአንድ ጭብጥ የማይበልጥ ነው። አንድ ጭብጥ ስንዴ አንድ ኩንታል ጤፍን ከመድኃኒትነት ያወጣዋል።

ነገሩ በወፍጮ ብቻ አያበቃም። ገበሬው ስንዴ በወቃበት ዐውድማ ላይ ጤፍ ይወቃል፤ ነጋዴው ስንዴ በነበረበት ጆንያ ማሽላ ይሞላል፤ በቤትም አንዱ ወንፊት ሁሉን ይነፋል፤ ቡሃቃው የትናንቱን ሊጥ በጐኑ ይዞ ያድራል። እርሾውም ገብስ ከተቀላቀለበት ሊጥ የተቀመጠ ሊሆን ይችላል። የጤፍ ዋጋ እየናረ በሄደ መጠን ደግሞ እንጀራ ሻጩ ሌላ እህል ይቀላቅላል፤ የሚቀላቅለው ማሽላ፣ በቆሎ ወይም ሩዝ ከሆነ ለበሽተኛው አይከፋም፤ ገብስ ወይም ስንዴ ከሆነ ግን ይጐዳዋል። በውጭ አገር ባሉት የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶችም ብዙ ጊዜ ስንዴ ወይም ገብስ ስለሚቀላቀል፣ ሲሊያክ ያለበት እንግዳ «እንጀራው ጤፍ ብቻ ነው?» ብሎ ሳይጠይቅ እንዲቀመጥ አይመከርም። በስሙ ጤፍ የተባለ ሁሉ በሥራው ጤፍ አይደለምና።

«ለመቶ ሰው አንድ በሽተኛ ብሎ ወፍጮ መለየት የማይሆን ነገር ነው» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣብኝ አውቃለሁ። መልሴ አጭር ነው፤ መለየትን እኮ አስቀድመን ተምረነዋል። በአብዛኛው ወፍጮ ቤት የበርበሬው ወፍጮ ለብቻው ነው። ለምን? ጤፋችን በርበሬ በርበሬ እንዳይለን ነው። ለምላሳችን ደስታ ስንል አንድ ወፍጮ ለይተናል ማለት ነው። የወሎ ሰው ደግሞ ከዚህ የበለጠ መለየት ያውቃል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ሰፈር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤተ ሰብ ውስጥ አብረው ሲኖሩ ሥጋ ቤታቸው ሁለት ነው። ሠርግ የደገሰ ሰው በሁለት ወገን ያርዳል፤ ቢላዋው ይለያል፤ ድስቱ ይለያል፤ አቅራቢውም ይለያል። ይህን የሚያደርገው እንግዳውን ለማራቅ ሳይሆን አክብሮ በአንድ ዳስ ለማስቀመጥ ነው። መለየት የፍቅር ምልክት የሆነበት አገር ወሎ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ታዲያ ለእምነት ድስት የለየ ሕዝብ ለታመመ ልጅ ወፍጮ መለየት እንዴት ያቅተዋል?

ወጪውም ቢሆን እንደሚፈራው አይደለም። ለሁሉም አዲስ ወፍጮ ይተከል አላልኩም። ሁለት ሦስት ወፍጮ ካለው ቤት አንዱ ለጤፍ፣ ለማሽላና ለበቆሎ ብቻ ይሁን፤ ስንዴና ገብስ አይግባበት። አንድ ወፍጮ ብቻ ያለው ደግሞ ከሳምንቱ አንድ ጧት መርጦ፣ ወፍጮውን ፈትቶ ጠርጎ፣ መጀመሪያ የሚወርደውን ዱቄት ለከብት አድርጎ፣ ከዚያ በኋላ ጤፍና ማሽላ ብቻ ቢፈጭ ጉዳቱን እጅግ ይቀንሳል፤ ፈጽሞ እንደ ተለየው ወፍጮ ግን የማይታመን መሆኑን ለደንበኛው በግልጽ መንገር አለበት። ንጹሕነቱ በምርመራ የተረጋገጠ ዱቄት ደግሞ ከዚህም ከተማ ውጭ ገዢ አለው። የውጭ አገር ሰው ያን ያህል ገንዘብ የሚከፍለው ለጤፉ ብቻ አይደለም፤ ለመለየቱም ጭምር ነው።

ስለ ጤናማው ሰውም ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም፤ ዘጠና ዘጠኙም ሰው ናቸውና። ለእነርሱ ክፉው ነገር ስንዴው ሳይሆን ስንዴውን የምናራቁትበት ልማድ ነው። በከተማችን ፉርኖ ዱቄት የሚባለው፣ ስሙም ራሱ የዳቦ ምድጃ ማለት ከሆነ የጣሊያንኛ ቃል የመጣው፣ ነጭና ለስላሳ ነው፤ የነጣው ግን ልብሱን አስወልቀነው ነው። የእህሉ ቅርፊትና ፍሬ ነገር፣ ብረቱም ቪታሚኑም ያለበት ክፍል፣ ፉሩሽካ ተብሎ ወደ ከብት ገበታ ይሄዳል። ከዚያም ቦምቦሊኖውን በዘይት ጠብሰን፣ ብስኩቱን በስኳር አጣፍጠን፣ ስንወፍርና ስኳር በሽታ ሲይዘን «ስንዴ ገደለን» እንላለን። እናቶቻችን ሳይነፉት ይጋግሩት የነበረው ዳቦ ይህ ክስ አይመለከተውም።

ጤናማው ሰው ከስንዴው ጋር ማሽላ፣ ጤፍ ወይም ሽምብራ ቀላቅሎ ዳቦ ቢጋግር ሆዱም ኪሱም ይጠቀማል። የዓለም የእርሻና የምግብ ድርጅት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ስንዴ ከውጭ የሚገዙ አገሮች የራሳቸውን እህል በዳቦ ዱቄት ውስጥ እንዲቀላቅሉ ሲመክር ኖሯል። ከአምስት እጅ አንዱ ማሽላ ቢሆን ዳቦው ጥቂት ይጠነክራል እንጂ ዳቦነቱን አያጣም። ግን ይህም ቢሆን በግልጽ ይነገር። «የማሽላ ዳቦ» ተብሎ በተሸጠው ውስጥ አራት እጁ ስንዴ ከሆነ፣ ለጤናማው ጥቅም የሆነው ቅይጥ ለበሽተኛው ወጥመድ ነው። ስለዚህ ዳቦ ቤቱ ከመደርደሪያው በላይ ዳቦው ውስጥ ምን ምን እንዳለበት ቢጽፍ፣ እንጀራ ሻጯም ስትጠየቅ እውነቱን ብትናገር፣ አንድ ሳንቲም ሳይወጣ ግማሹ ሥራ ተሠራ ማለት ነው።

የቀረውን ግማሽ ደግሞ እንደየሙያችን እንካፈለው። የሕፃናት ሐኪሞች በወስፋት መድኃኒት ያልዳነውን ልጅ ሁለተኛ ይመልከቱት። በደሴና በኮምቦልቻ የሚያስተምሩ የወሎ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች የሰኞ ገበያን ዱቄት በየጊዜው ወስደው ቢመረምሩ ከብዙ ወረቀት የበለጠ ጥናት ይሆናቸዋል። የከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤትም የሚዛንን ትክክለኛነት እንደሚቈጣጠር ሁሉ የስምንም ትክክለኛነት ይቈጣጠር። እናቶች ደግሞ ሐኪም «ይህ ልጅ ስንዴ አይብላ» ካላቸው ወንፊቱን፣ ቡሃቃውንና እርሾውን ለልጁ ይለዩለት፤ «ዛሬ በዓል ነው፣ ትንሽ ድፎ ምን ያደርገዋል?» የምትል አክስት ብትመጣ እጇን በአክብሮት ይያዙ። ለዚያ ልጅ የምትሰጠው ቍራሽ የምርቃት ቍራሽ አይደለችምና።

ከወፍጮ ቤት ባለቤቶች መካከል ይህን ጽሑፍ የሚያነብ አንድ ሰው ቢገኝ ለእርሱ ያለኝ ልመና ታላቅ አይደለም። አንዱን ወፍጮውን ይለይ፤ ከበሩም ላይ በጉልህ ፊደል «በዚህ ወፍጮ ስንዴና ገብስ አይፈጭም» ብሎ ሰሌዳ ይስቀል። መጀመሪያ ሰው ይስቅበት ይሆናል። ቀጥሎ ግን ከሩቅ ወረዳ ልጇን አዝላ፣ አምስት ኪሎ ጤፍ በቁና ይዛ የምትመጣ እናት ያንን ሰሌዳ አንብባ ወይም አስነብባ ትገባለች፤ ስለዚያ ወፍጮ ቤትም በየሄደችበት ትናገራለች።